የተዝካሩ እንጨት

እንጨት ያው እንጨት ነው የምትል ሴት ካለች ወይ ደጋ አድራ አታውቅም፣ ወይ ባሏ በቁሜ ተዝካሬን ላብላ ብሎ አልተነሣባትም። እኔ ታየች ሁለቱንም አይቻለሁ። ሰሞኑን አመሻሽ ላይ ጠቋቁሮ የጠፋ ፍልጥ በጀርባዬ አዝዬ ስመለስ የሚያዩኝ ጎረቤቶቼ «ታየች ለየላት» ይላሉ አሉ። ይበሉ። ነገሩን ከሥሩ ላውራውና ማን እንደለየለት የሰማ ይፍረድ።

ቤታችን ገደል አፋፍ ላይ ነው። ከደጃችን ወጣ ብሎ ወደ ታች ላየ የአዲ አርቃይ መንገድ ይታያል። እዚያ ታች ሰው በሸሚዝ ሲሄድ እኛ ዘንድ ጧት ጧት የእንስራ ውሃ ይረጋል። ጫካው ድሮ እስከ አጥራችን ይደርስ ነበር፤ ኋላ ለዋልያው ይሁን ተብሎ ተከለለ። እውነቱን ለመናገር መከለሉን አልጠላሁም፤ ለኛ ቢተውልን ኖሮ ዛሬ አንዲት የአስታ ዛፍ ቆማ አትገኝም። ግን ጫካው ሲከለል ብርዱ አብሮ አልተከለለም። ከዚያ ወዲህ የምናነደው ኩበት ነው። ኩበት ሽሮ ያበስላል፣ ዓይን ያጠፋል፣ እንኩሮ ግን አያበስልም። እንኩሮው ያልበሰለ ጠላ ጠላ አይሆንም፤ ጠላ የሌለበት ተዝካርም ተዝካር አይባልም። በኛ አገር ድግስ የሚጀመረው ከእንጨት ነው።

ባሌን ሰው ሁሉ አያ አድማሴ ይለዋል። እኔ አንተ እለዋለሁ፤ ሲያናድደኝ ደግሞ ዝም እለዋለሁ፤ ዝምታዬን ነበር የሚፈራው። እግዜር ልጅ አልሰጠንም። እህቱ ለተ ማርያም ስትሞት ልጇን ወንድምአገኝን ትታልን ሄደች፤ ወንዴ እያልን አሳደግነው። ወንዴ አፉ እንደ ማር ነው። ደባርቅ ወርዶ ተማረ፣ ፈረንጅ የሚያስጎበኝ ሆነ፣ ኋላም ጎንደር ዳር ፀዳ የሚባል ሰፈር ቤት ሠርቶ የጎንደር ሰው ሆነ። ዛሬ ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝ የምለው ይጠፋኛል። አሳዳጊ የበደለው እንዳልለው አሳዳጊው እኔ ነኝ።

ተዝካር መቼም ከሞቱ በኋላ ዘመድ የሚያበላው ነው። ከኋላው ሰው የሌለው ግን፣ ወይ ያለውን ሰው ያላመነ፣ ሳይሞት ደግሶ ካህኑን፣ ድኻውን፣ መንገደኛውን ጠርቶ ያበላል። ነፍሱን በገዛ እጁ ይሸኛል። አድማሴ ደረቱን ማመም ሲጀምረው ይህን አሰበ።

«ወንዴ አለልህ አይደለም ወይ?» አልሁት።

«ወንዴ ሸጋ ልጅ ነው» አለኝ። «ግን ሥራ ይበዛበታል፤ ቀኑን ይረሳዋል። ነፍሴ የሰው ሥራ እስኪያልቅ ደጅ አትጠናም።»

ከበራችን ላይ አባቱ የተከለው ትልቅ ኮሶ ነበር። አንድ ክረምት ነፋስ ከነሥሩ ገለበጠው። አድማሴ ቀበሌ ሄዶ የግቢዬ ዛፍ ነው ብሎ አስመሰከረ፤ ተጠቀምበት አሉት። ከዚያ ደረቱ እያፏጨ፣ ትንሽ ፈልጦ ብዙ እያረፈ፣ ግንዱን ጨረሰው። ከቤቱ ጀርባ፣ ዝናብ እንዳይመታው በጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ከግድግዳው እኩል አድርጎ ደረደረው። የንስሐ አባታችን ቄስ ሰውአገኝ መጥተው ጸሎት አደረሱ፤ መስቀላቸውን አሳረፉበት። ቀኑም ለአስተርእዮ ማርያም ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ እንጨቱ የነፍስ ነው፤ ስንጥሩ እንኳ ለጓዳ አይነካም። የተዝካር እንጨት ለድስት መውሰድ ከሙት አፍ መንጠቅ ነው ይባላል።

ያን ክረምት እኔ ኩበት ስነፋ ዓይኔ ያለቅሳል፤ እንጨቱ ከግድግዳው ማዶ ደርቆ ተቀምጧል።

«አንዲት ብቻ» እለዋለሁ።

«በነፍሴ ልትሞቂ?» ይለኛል።

«ነፍስህማ ይሞቃታል። የበረደኝ እኔ ነኝ።»

ይስቃል። ሲስቅ ሳሉ ይነሣበታል፤ ሳሉ ሲነሣበት እኔ እደነግጣለሁ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አንዲት ፍልጥ አልነካሁም። ይህን ቄሱም ያውቃሉ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው ነገሩ የተጀመረ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ጠቆረና በረዶ ወረደ፤ ገብሱን አጨደው። በረዶው ገና ሳያባራ ወንዴ በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ፤ ከኋላው ፈረንጆች ተከተሉት። ድንኳናቸውን የጫነው በቅሎ ኋላ ቀርቶ ነበር። ሲያዩዋቸው ያሳዝናሉ። አንዷ ልጅ እግር ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እጇን ማጠፍ አቅቷት ጣቶቿን በብብቷ ይዛለች። እኔ ኩበቴን ቆሰቆስሁ፤ እርጥበት ገብቶበት ጭሱ ብቻ ቤቱን ሞላው።

አድማሴ ወጥቶ ሄደ። ሲመለስ የኮሶውን ፍልጥ ታቅፎ ነው።

«የተዝካርህ እኮ ነው» አልሁት በጆሮው።

«ተዝካር የሚበላ ማን ነው? ድኻ፣ መንገደኛ፣ የእግዜር እንግዳ። ይኸው ቀኑን ቀድሞ መጣልኝ። በር ልዝጋበት?»

ምን እላለሁ? የአባቱን ቤት ሥርዓት የያዘ ሰው ነው። በዚያ ቤት ለመጣ ሰው እሳት ይነድለታል፣ እግሩ ይታጠባል፣ እህል ይቀርብለታል። ከየት መጣህ የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው። መቼ ትሄዳለህ ግን አይባልም። ምን ትሰጣለህ ከተባለማ እንግዳ መቀበሉ ቀርቶ ንግድ ሆነ ማለት ነው፤ አድማሴ ይህን ከሚጠይቅ ምላሱ ቢቆረጥ ይወዳል።

የኮሶው እሳት ሲነሣ ቤቱ ሌላ ቤት መሰለኝ። የጥጉ ግድግዳ ታየኝ፤ ጥላሸቱን ሳየው አፈርሁ። ልጅቷ ከንፈሯ ቀላ። ወደ አድማሴ ተጠግታ እጁን ይዛ አለቀሰች፤ እሱም አብሯት እንባ አቀረረ። ሲሄዱ ከፈረንጆቹ አንዱ ከቦርሳው ብር ሊያወጣ ሲል አድማሴ እጁን ይዞ መለሰው።

«የእግዜር እንግዳ አይከፍልም በልልኝ» አለው ወንዴን።

ወንዴ በእንግሊዝኛ ብዙ ተናገረ። ከተባለው ይልቅ የተናገረው በዛብኝ፤ ግን ቋንቋው አይገባኝም። ሰውየው ብሩን መለሰና ፎቶ አነሣን። እኛም እንደ ሙሽራ ጎን ለጎን ቆምንለት።

በሳምንቱ ወንዴ ሌሎች ይዞ መጣ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፤ ልብሳቸው ደረቅ፣ ጫማቸው ደረቅ። «አያ፣ ደግነትህን ሰምተው ነው» አለ። አድማሴ ፊቱ በራ። ሰው ደግነቱን ሰምቶ ባሕር ተሻግሮ ሲመጣበት የማይደሰት ማን አለ? ወጥቶ ፍልጥ አመጣ። ተቀመጡ፣ ሞቁ፣ ፎቶ አነሡ፣ ሄዱ። ከዚያ ሌሎች መጡ። ኅዳርን ሙሉ መጡ። ታኅሣሥን መጡ። እኔ ከቤቱ ጀርባ በዞርሁ ቁጥር ድርድሩ ዝቅ፣ ዝቅ ይላል፤ መጀመሪያ ከትከሻዬ በታች፣ ኋላ ከወገቤ በታች ሆነ።

አድማሴን እንዳልጣላው ደስተኛ ነው። ልዋሽ አልችልም፤ እሳቱ ዳር ሲቀመጥ ሳሉም ቀለል ይለዋል። «ታየች» ይለኛል፣ «እኔ አንድ ቀን ነበር የማበላው፤ እግዜር ብዙ ቀን አደረገልኝ።» እያንዳንዷ ፍልጥ ስትነድ ሰማይ ቤት የምትጻፍለት ይመስለዋል። እኔም እሳቱ ይሞቀኛል። ግን የሚሞቀኝን ያህል ይከነክነኛል።

አንድ ቀን ወንዴን ከበር ላይ ያዝሁት።

«ምነው ወንዴ፣ የሰውየውን ተዝካር በቁሙ አመድ ታደርገዋለህ?»

«እቴቴ፣ እንጨት ነው እኮ፤ እንጨት ይተካል። ከጥምቀት በፊት ከድብ ባሕር አንድ ማኪና ባሕር ዛፍ አራግፍላችኋለሁ። ደረቅ፣ የተፈለጠ። እኔ እያለሁ አያ እንጨት ይቸግረዋል?»

«ማርያምን በል።»

«ማርያምን።»

ማለ። ከዚያ በላይ ምን ይደረጋል? ይህን ልጅ አፉን በጣቴ ጠርጌ፣ ገንፎ አጉርሼ ያሳደግሁት ነኝ። ብቅሌን አበቀልሁ፣ ጌሾዬን ወቀጥሁ፣ ጋኖቼን አጥቤ አጠንሁ። ጎረቤቱ ሁሉ ለማርያም አያ አድማሴ ቤት ነን እያለ ሲቀጣጠር እኔ ጆሮዬን ለማኪና ድምፅ አቁሜ እጠብቃለሁ። አልመጣም። ስልክ ስናስደውልለት መንገድ ነው፣ ነገ ነው፣ ሹፌሩ ታሞ ነው ይላል። ከድርድሩ የቀረው አንዲት ሴት በአንድ ሸክም የምታነሣው ሆነ። ያም ለእንኩሮው ከበቃ ብዬ በማቅ ሸፈንሁት።

ጥምቀት ሲቃረብ እንግዶች መጡ። ወንዴ አብሮ የለም፤ ጎንደር ውስጥ የጥምቀት እንግዳ በዝቶበት ሃና የምትባል አብራው የምታስጎበኝ የጎንደር ልጅ ነው የላከ። ሃና ሸጋ ልጅ ናት። ጫማዋን አውልቃ ገባች፣ የአድማሴን ጉልበት ሳመች፣ ለኔም ስኳር ይዛልኝ መጣች። አድማሴ ያን ጊዜ መነሣት ከብዶት ነበር።

«ታየች፣ አምጪው» አለኝ።

«የመጨረሻው ነው።»

«እንግዳ ቆሟል።»

ማቁን ገልጬ አመጣሁ። ምድጃው ላይ ወረወርሁት። ነደደ። ፈረንጆቹ ዙሪያውን ተቀመጡ። ሃና ደስ ብሏት ወደ አድማሴ ዞረች።

«አያ አድማሴ፣ እኔ እኮ ሳላይዎ ነው የማውቅዎ። ፎቶዎ ጎንደር ቢሯችን ግድግዳ ላይ ነው፤ ከእማማ ጋር ቆመው። ከጉዞዎቻችን ሁሉ ሰው የሚመርጠው የእርስዎን ነው።»

«የኔን ምን?»

«የአያ አድማሴ እሳት ይባላል። ወንድምአገኝ ነው ያወጣው። ቦታ እኮ ቀድሞ ነው የሚያልቀው። መቼም ድርሻዎን በየጊዜው ያደርስልዎታል።»

አድማሴ ፈረንጆቹን አንድ በአንድ አያቸው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በአባቱ ቤት ተጠይቆ የማያውቀውን ጠየቀ።

«ልጄ፣ እነዚህ ሰዎች ከፍለዋል?»

ሃና ፊቷ ተለወጠ። ወደ እኔ አየች።

«አዎ» አለች። «ከፍለዋል።»

«ከነሱ በፊት የመጡትስ?»

«እኔ ከመጣሁ ወዲህ የመጡት ሁሉም።»

«እነዚያ በረዶ የመታቸውስ? መስከረም ላይ?»

«እሱን አላውቅም አያ። ያን ጊዜ አልነበርሁም።»

አድማሴ ግድግዳውን ይዞ ተነሣ። ልደግፈው ስል እጄን ገፋው። ከጥጉ የነበረውን እንስራ እንዴት እንዳነሣው አላውቅም፤ እኔ እንኳ ሞልቶ ሲከብደኝ የሚያግዘኝ ሰው እጠራለሁ። ተሸክሞ መጣና እሳቱ ላይ ገለበጠው። ቤቱ ፍሽሽ አለ። እንፋሎቱና አመዱ ጣሪያ ድረስ ወጣ፤ ምንም አይታይም።

ከዚያ አጨበጨቡ።

እውነቴን ነው። የሥርዓቱ መጨረሻ መስሏቸው አጨበጨቡ። አንዱማ ቆሞ ነው ያጨበጨበው፤ አንዷ በስልኳ ቀርጻዋለች። ሃና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። አድማሴ ባዶውን እንስራ ታቅፎ መሐላቸው ቆሟል፤ ከጢሙ ውሃ ይንጠባጠባል። እነሱ ያጨበጭባሉ። እኔ በሕይወቴ ሰው ልመታ የፈለግሁት ያን ጊዜ ነው፤ ግን ማንን እንደምመታ አላውቅም ነበር። ያጨበጨቡት ምን አጠፉ? የተሸጠላቸውን ነው ያዩት።

በማግስቱ ቄስ ሰውአገኝን አስጠራ።

«አባ፣ እንግዳ መስሎኝ ደንበኛ ሳስተናግድ ከረምሁ» አላቸው። «ይቆጠርልኛል?»

«እግዚአብሔር የሚያይ ልብን ነው አድማሴ። አንተ እንግዳ ብለህ ነው የተቀበልህ።»

«ልቤ እንግዳ አለ። ቤቴ ግን ጠላ ሳይጠመቅበት ጠላ ቤት ሆኖ ነበር።»

ቄሱ ብዙ አስረዱት፤ ከመጽሐፍ ጠቀሱለት። አድማሴ አንገቱን ይነቀንቃል እንጂ አልሰማቸውም። ከወጡ በኋላ ወደ እኔ ዞረና «የመጀመሪያዎቹ ከፍለው እንደሆነ ወንዴን ጠይቂልኝ» አለኝ። «ያቺ ልጅ ከንፈሯ ጠቁሮ ነበር። እሷስ እንግዳ ሳትሆን አትቀርም።» እሳት ስለሌለ ጋቢውን፣ የኔን ነጠላ፣ የአልጋውን ቁርበት ሁሉ ደረብሁለት። ብርዱ ከውጭ አልነበረምና አላሞቀውም። ለማርያም ዋዜማ ሞተ። ተዝካሩን ሊበላ የተጠራው ሰው ለቀብሩ መጣ።

ወንዴ ከጎንደር በማኪና ደረሰ። አለቀሰ፤ ደረቱን እየደቃ፣ መሬት ላይ እየወደቀ አለቀሰ። የሚያናድደኝም እሱ ነው፤ የውሸት ልቅሶ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀለኝ ነበር። ይወደው ነበር። ወድዶት ነው የሸጠው። ሰው ከቀብሩ ሲበተን ጠጋ አልሁት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አትዋሸኝ። እነዚያ በረዶ የመታቸው ከፍለዋል?»

ፊቱን በእጁ ጠረገ።

«እኔ አልጠየቅኋቸውም እቴቴ። ደባርቅ ስንገባ ራሳቸው ሰጡኝ። ለአያ ስጥልን አሉኝ። ነገሩ እኮ በእነሱ ነው የጀመረው፤ ይህን የሚፈልግ ሰው አለ ማለት ነው አልሁ። ለናንተም ቤት ልሠራላችሁ አስቤ ነበር፤ ቆርቆሮ ልከድንላችሁ።»

«ሰጠኸው?»

የመቃብሩን አፈር ከጫማው አራገፈ። አድማሴ ይህን ሳይሰማ በመሞቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አለኝ። እሳት አመድ ወለደ ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ ግን አልወለድሁትም፣ በእጄ ነው የሠራሁት።

«አርባውን እኔ አወጣለሁ» አለኝ። «ማኪናው ይመጣል።»

አርባው ደረሰ። ማኪናው አልመጣም። ጎረቤቶቼ የሚያነዱት እንደኔ ኩበት ነው፤ ማን ከማን ይበደራል? ንፍሮ በኩበት ቀቅዬ ለካህናቱ አቀረብሁ። ግማሹ ጥሬ ነበር። ቄስ ሰውአገኝ ሳያኝኩ ዋጡት፤ ሰው ማለት እሳቸው ናቸው ያልሁት ያን ጊዜ ነው። ጋኖቼ ግን ባዶአቸውን ተደፍተው ቀሩ። ድኻ አልበላም፣ መንገደኛ አልጠጣም፣ የአድማሴ ነፍስ ባዶ እጇን ሄደች። የቀረኝ የከርሞ ማርያም፣ ሙት ዓመቱ ብቻ ነው።

ማኪናው ከዚያ በኋላ መጣ። እዚያ ቁልቁለት ላይ ሲያጓራ ሰምቼ ነጠላዬን ሳልለብስ ወጣሁ። እንጨት እስከ አፍ ጢሙ ጭኗል፤ ደረቅ ባሕር ዛፍ፣ የተፈለጠ፣ ልክ እንደማለልኝ። በደጄ አለፈ። ሄዶ ሄዶ አያ ክንዱ ግቢ አራገፈው። አያ ክንዱ የአድማሴ እኩያ ነው፤ ከላይ ካለው መታጠፊያ ላይ ነው ቤቱ። ሚስቱ ሞታበት ከልጆቹ ጋር ይኖራል።

ሄጄ አየሁ። አመሻሽ ላይ ፈረንጆቹ ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል፣ እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ ወንዴ ቆሞ ያወራል። «አድማሴ፣ አድማሴ» ሲል ይሰማኛል። ወሬውን ሲጨርስ አያ ክንዱ ከጥግ ተነሣ። እንስራ አነሣ። ግድግዳውን ይዞ፣ እየተንገዳገደ፣ መሐላቸው ገባና ውሃውን እሳቱ ላይ ገለበጠው። እንፋሎቱ ጣሪያ ድረስ ወጣ። ባዶውን እንስራ ታቅፎ ቆመ። አጨበጨቡለት።

ደፉ ላይ ቁጭ አልሁ። ባሌን ለሁለተኛ ጊዜ ሲሞት አየሁት፤ ከዚህ የተሻለ መግለጫ የለኝም። ወንዴ ሲያየኝ ሮጦ መጣ።

«እቴቴ፣ እንዳይከፋሽ። ያን ቀን የነበሩት ሰዎች የቀረጹትን ለቀውት ዓለም ሁሉ አየው። የሚመጣው ሰው ሁሉ መጨረሻውን ይጠይቃል። እንግዲህ የአያ ስም በዚህ ይኖራል፤ በየቀኑ ይነሣል። ይህ ከተዝካር ያንሳል?»

ዝም አልሁት። አድማሴ የሚፈራው ዝምታ ነበር፤ ወንዴ ግን አይፈራውም።

አያ ክንዱ በአጠገቤ ሲያልፍ መሬት መሬት እያየ «ታየች፣ ልጆች አሉኝ» አለ። አልፈረድሁበትም። እሱ እንኳ ዋጋውን ተስማምቶ ነው የገባበት።

ፈረንጆቹ ወደ ድንኳናቸው ሲነሡ ምድጃውን አየሁት። ውሃ ያጠፋው እንጨት ተጋድሟል፤ ከላይ ጠቁሯል፣ ልቡ ግን ደህና ነው። ፀሐይ ካገኘ ይደርቃል። እንኩሮ ያበስላል። ቆይ አልሁ በልቤ። ሰዎቹ የከፈሉት ለእሳቱ ነው፣ ለውሃው ነው፣ ለክንዱ ነው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ የቀረው ፍልጥ የማን ነው? ማንም አልገዛውም፣ ማንም አልሸጠውም። አንጀቴ ላይ የታሰረውን መቀነት ፈታሁና ፍልጦቹን ለቃቅሜ አሰርሁ፤ እየጨሱ፣ ውሃ እያንጠባጠቡ በጀርባዬ አዘልኋቸው። ጥቁር ውሃ በቀሚሴ ወረደ።

ከበሩ ስወጣ ከኋላዬ ጭብጨባ ሰማሁ።

ዞር አልሁ። ቆመው ያዩኛል። የጠፋውን እሳት ተሸክማ የምትሄድ መበለት ሆኜላቸው ነው። አንዷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች፤ ሌላው ስልኩን ወደኔ ዘርግቷል። ወንዴ ዓይኑ ሲያበራ አየሁት። ይህን ዓይን አውቀዋለሁ፤ ልጅ ሆኖ ማር ሲያይ እንዲህ ነበር የሚያበራው። ተከትሎኝ ወጣና በጨርቅ የጠቀለለውን ብር በእጄ ሊያስይዘኝ ሞከረ።

«ድርሻሽ ነው እቴቴ። ነገም በዚህ ሰዓት ነይ።»

«ድርሻዬን ተሸክሜዋለሁ» አልሁት።

ከዚያ ወዲህ እንግዳ ባለ ቀን ሁሉ እሄዳለሁ። ወንዴ ነይ ስላለኝ አይደለም፤ እሱ ግን እንደዚያ መስሎታል፣ ይምሰለው። እስኪያጠፉት በሩ ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲያጠፉት እለቅማለሁ፣ ሲያጨበጭቡ አልዞርም። ፍልጦቹን አድማሴ የራሱን ደርድሮበት በነበረው ቦታ፣ በክፈፉ ሥር አሰጣቸዋለሁ። ቄስ ሰውአገኝ መስቀላቸውን እንዲያሳርፉበት ለምኜአቸው እስኪ ላስብበት ብለውኛል። ድርድሩ ጉልበቴ ደርሷል። ለማርያም ገና ነው፤ ነገም እሄዳለሁ።